ጥርት ብሎ የሚገድል ውሃ፦ ለትልቅ አኳሪየም ፊልተር እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ይተከላል?

በእኛ ትምህርት ክፍል ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ ጆሯችን እስኪሰለች የምንሰማት አንዲት ቃል አለች፤ «ማጣራት»። ዜናው ተጣርቷል ወይ? ምንጩ ተጣርቷል ወይ? እንባላለን። እኔ ዛሬ ላነሳ የፈለግኩት ግን ቃሏ በቀጥታ ስለምትገልጸው ነገር፣ ማለትም ስለ ውሃ ማጣራት ነው። በተለይም በትልቅ የመስታወት ገንዳ (አኳሪየም) ውስጥ ዓሣ ለሚያኖር ሰው ፊልተር ምን እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚመረጥና እንዴት እንደሚተከል አቅሜ በፈቀደ መጠን ለማስረዳት እሞክራለሁ። የምናገረው ጨዋማ ስላልሆነ ውሃ ብቻ ነው። የባሕር ውሃ አኳሪየም ራሱን የቻለ ሌላ ርዕስ ነው።

በከተማችን ትልልቅ አኳሪየሞችን በሆቴል መግቢያ፣ በምግብ ቤት፣ በክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል፣ አንዳንዴም በሰው ሳሎን እናያለን። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ነገር ተመሳሳይ ነው። ገንዳው ተገዝቶ ይመጣል፣ ውሃ ይሞላል፣ መብራቱ ይበራል፣ በዚያው ቀን ዓሦቹ ይገባሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ሰላም ነው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ግን ዓሦቹ አንድ በአንድ ከላይ ተንሳፍፈው ይገኛሉ። ባለቤቱ ውሃውን ሲያየው ጥርት ያለ ነው። «ኧረ ምን ነካቸው?» ይላል። አንዱ «በሽታ ይዘው ነው የመጡት» ይላል፣ ሌላው «ዓይን በላቸው» ይላል። ሌሎች ዓሦች ተገዝተው ይገባሉ፤ እነሱም ያው ይሆናሉ።

ታዲያ ምክንያቱ ምንድን ነው? በአጭሩ፣ የፊልተር ዋና ሥራ ውሃውን ማጥራት ነው ብለን ስለምናስብ ነው። የጠራ ውሃ ሁሉ ጤነኛ ውሃ አይደለም። ፊልተር ከምንም በፊት በዓይን የማይታዩ ሕያዋን የሚኖሩበት ቤት ነው። ይህንን የተረዳ ሰው ፊልተሩን ከዓሣው አስቀድሞ ይገዛል፣ አስቀድሞ ይተክላል፣ ከዚያም ይጠብቃል። የቀረው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

በውሃው ውስጥ የማይታየው ነገር

ዓሣ የበላውን ፕሮቲን ሲያቃጥል የሚያስወግደው ቆሻሻ በአብዛኛው አሞኒያ ነው። የሚወጣውም በዋነኛነት በስንጥቡ (በጊሉ) በኩል ነው። የተረፈ ምግብና የዓሣው ኩስም ሲበሰብሱ አሞኒያ ይፈጥራሉ። አሞኒያ ቀለም የለውም፤ በገንዳ ውስጥ በሚገኝበት መጠን ሽታውም አይታወቅም። ነገር ግን የዓሣውን ስንጥብ ያቃጥለዋል። በሐይቅ ወይም በወንዝ ውስጥ ውሃው ብዙ ስለሆነ ችግር አይሆንም። በመስታወት ገንዳ ውስጥ ግን ዓሣው የሚኖረው በራሱ ሽንት ቤት ውስጥ ነው ማለት ይቻላል።

ምን ያህል ነው ለሚል ሰው ቁጥር ልስጥ። ዓሣ አርቢዎች በሚጠቀሙበት ስሌት መሠረት 40 በመቶ ፕሮቲን ያለው 10 ግራም ምግብ 370 ሚሊግራም ገደማ የአሞኒያ ናይትሮጅን ያስገኛል። ገንዳው 400 ሊትር ውሃ ቢይዝ ይህ በየቀኑ ለአንድ ሊትር 0.9 ሚሊግራም ገደማ ይሆናል ማለት ነው። የሚያስወግደው ከሌለ በየቀኑ እየተደመረ ይሄዳል። ስለዚህ የፊልተር ሸክም የሚለካው በገንዳው ስፋት ብቻ አይደለም፤ በየቀኑ በምንበትነው ምግብም ጭምር ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የአሞኒያ መርዛማነት በውሃው ፒኤች ይወሰናል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ፒኤች 7 በሆነ ውሃ ውስጥ ካለው አሞኒያ እጅግ መርዛማ የሆነው ክፍል ከ1 በመቶ በታች ነው። ፒኤች 8 ሲሆን ወደ 5 በመቶ ያድጋል፣ ፒኤች 9 ሲሆን ደግሞ ከሲሶ ያልፋል። ስለዚህ «የጎረቤቴ ዓሣ በዚህ አልሞተም» የሚለው ማስረጃ አይሆንም፤ የጎረቤት ውሃ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ደግነቱ ተፈጥሮ መፍትሔ አዘጋጅታለች። አሞኒያን የሚመገቡ ረቂቅ ሕያዋን አሉ። የመጀመሪያዎቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ የዓሣውን ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት ከሁለቱ በጣም የቀለለ ስለሆነ ውሃውን በከፊል በመቀየር ይወገዳል። ይህን የሁለት ደረጃ ሥራ የሚሠሩት የተለያዩ ባክቴሪያዎች መሆናቸውን ያሳየው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለ ሩሲያዊ ተመራማሪ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1890 አካባቢ ነበር።

ሳይንሱ ግን በዚያ አልቆመም። ለረጅም ዓመታት የአኳሪየም መጻሕፍት ሁለተኛውን ሥራ የሚሠራው ናይትሮባክተር የሚባለው ባክቴሪያ ነው ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ጥናት ግን በአኳሪየም ውስጥ ዋናው ሠራተኛ ናይትሮስፓይራ የሚባለው ወገን መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ከዚሁ ወገን ውስጥ ሁለቱንም ደረጃ ብቻቸውን የሚጨርሱ ባክቴሪያዎች መኖራቸው ታወቀ። በየመጽሐፉ ሲገለበጥ የኖረ ነገር ሳይጣራ እንደ እውነት ሊቆይ እንደሚችል ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ጥሩ ምሳሌ ይመስለኛል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች በአብዛኛው በውሃው ውስጥ ተንሳፍፈው አይኖሩም። ጠጣር ነገር ላይ ተጣብቀው ነው የሚኖሩት፤ በድንጋይ፣ በአሸዋ፣ በስፖንጅ፣ በቱቦ ግድግዳ ላይ። ከዚህም በላይ ሦስት ነገሮች ይፈልጋሉ፦ ምግብ (አሞኒያ)፣ ኦክስጅንና በላያቸው ላይ ያለማቋረጥ የሚያልፍ ውሃ። በቃ፣ ፊልተር ማለት እነዚህን ሁሉ በአንድ ቦታ የሚያቀርብ ዕቃ ነው።

ሦስቱ የፊልተር ሥራዎች

ፊልተር ሦስት ዓይነት ሥራ ይሠራል። አንደኛው ጉድፍ መያዝ ነው። ይህ የሻይ ማጥለያ እንደሚሠራው ሥራ ነው፤ ስፖንጅ ወይም ጥጥ መሰል ነገር ኩሱንና የምግብ ፍርፋሪውን ይይዛል። ውሃውን ጥርት የሚያደርገው ይሄኛው ነው። ሁለተኛው ከላይ ያየነው የባክቴሪያዎቹ ሥራ ነው። ዓሣውን በሕይወት የሚያኖረው ይሄኛው ነው። ሦስተኛው የኬሚካል ሥራ ሲሆን በብዛት የታወቀው አክቲቬትድ ካርቦን የሚባለው ጥቁር ከሰል ነው። ቀለም፣ ሽታና የመድኃኒት ቅሪት ይይዛል። ነገር ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ስለሚሞላ ይጣላል፤ አሞኒያንም አያስወግድም። ለዘወትር ግዴታ አይደለም።

የዕቃዎቹ አደራረግም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። ውሃው መጀመሪያ ሸካራውን ስፖንጅ፣ ቀጥሎ ደቃቁን፣ ከዚያ የባክቴሪያውን ቤት እንዲያገኝ ይደረጋል። ተገልብጦ ከተደረደረ ጉድፉ የባክቴሪያውን ቤት ይደፍነዋል።

ለባክቴሪያው ቤት የሚሸጡ የሴራሚክ ቀለበቶች አሉ። ዋጋቸው ከከበደ ግን በአገራችን በስምጥ ሸለቆ አካባቢ በብዛት የሚገኘው ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ማለትም ለብሎኬት መሥሪያ የሚውለው ፑሚስ ወይም ቀዩ ቀዳዳማ ድንጋይ፣ ጥሩ ምትክ ይሆናል። ሲገባ ግን አቧራው ተጠርጎ እስኪያልቅ በደንብ ይታጠባል። ፑሚስ መጀመሪያ ላይ ስለሚንሳፈፍ እስኪሰጥም ድረስ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ጥቂት አቼቶ ጠብ ተደርጎበት ከፈላ ኖራ አለበት ማለት ነውና የውሃውን ፒኤች ከፍ ያደርጋል፤ ይተው።

የፊልተር ዓይነቶች፦ የትኛው ለትልቅ ገንዳ ይሆናል?

በገበያ ላይ ያሉት ዓይነቶች ብዙ ናቸው። ለአንድ ትልቅ ገንዳ፣ ለምሳሌ 150 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 50 ወርድና 60 ከፍታ ላለው እንምረጥ ብንል የሚከተሉትን እናገኛለን። (ይህ ገንዳ ሲሰላ 450 ሊትር ነው። አሸዋውና ከላይ የሚተወው ክፍት ቦታ ሲቀነስ 400 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል።)

ሀ) የስፖንጅ ፊልተር። በአየር ፓምፕ የሚሠራ ቀላልና ርካሽ ዕቃ ነው። አየሩ በቱቦው ውስጥ ሲወጣ ውሃውን በስፖንጁ ውስጥ እየሳበ ያመጣዋል። ኦክስጅን በደንብ ይሰጣል፣ የሚበላሽ ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ለትልቅ ገንዳ ብቻውን ጉድፉን አይችለውም። ረዳት ሲሆን ግን ወደር የለውም።

ለ) በገንዳው ውስጥ የሚቀመጥ ወይም በጠርዙ ላይ የሚንጠለጠል ፊልተር። ለትንንሽ ገንዳዎች የሚሆን ነው። በ400 ሊትር ላይ ብዙ ጊዜ በውስጡ ያለው የባክቴሪያ ቤት ያንሳል።

ሐ) ካኒስተር። ከገንዳው ሥር በቁም ሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ፣ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ የሚዘጋ ባልዲ መሰል ዕቃ ነው። ሁለት ጎማ አለው፤ አንዱ ውሃ ያወርዳል፣ ሌላው ይመልሳል። ድምፅ የለውም፣ ቦታ አይፈጅም፣ የመስታወት ገንዳውን መብሳት አያስፈልግም። ለትልቅ ገንዳ ሁለት መካከለኛ ካኒስተሮች ከአንድ ትልቅ ይሻላሉ፤ አንዱ ቢበላሽ ወይም ቢታጠብ ሌላው ሥራውን ይቀጥላልና።

መ) ሳምፕ። ይህ ከዋናው ገንዳ ሥር የሚቀመጥ ሁለተኛ ገንዳ ነው። ውሃው ከላይ ሞልቶ በቧንቧ ይወርዳል፣ በክፍል በክፍል በተከፈለው ገንዳ ውስጥ በስፖንጁና በድንጋዩ መካከል ያልፋል፣ ከመጨረሻው ክፍል በፓምፕ ተመልሶ ይወጣል። ብዙ የባክቴሪያ ቤት ይይዛል፣ ውሃው ሲወርድ አየር ያገኛል፣ የመስታወት ሠራተኛ እዚሁ ሊሠራው ይችላል። ጉዳቱ ሲሳሳቱት ወለሉን ውሃ ማድረጉ ነው።

የእኔ ሐሳብ፣ ገንዳው ገና ያልተሠራ ከሆነ ሳምፕ፣ ተሠርቶ ያለቀ ከሆነ ሁለት ካኒስተር፤ በሁለቱም ላይ አንድ ወይም ሁለት የስፖንጅ ፊልተር ቢጨመር የሚል ነው። ስፖንጁ ለምን እንደሚጨመር ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ካርቶኑ የሚለውና እውነቱ

በፊልተሩ ካርቶን ላይ «እስከ 500 ሊትር» ወይም «በሰዓት 3000 ሊትር» የሚል ጽሑፍ እናነባለን። ይህ ጽሑፍ ምንጭ ነው፤ ምንጭ ደግሞ ይጣራል። አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩ የሚገልጸው ፓምፑ ውስጡ ስፖንጅ ሳይገባ፣ ውሃውን ወደ ላይ ሳይገፋ የሚያመላልሰውን መጠን ነው። እውነተኛ ሥራ ላይ ግን ስፖንጁ ያግደዋል፣ ጎማው ያግደዋል፣ ከሁሉ በላይ ወደ ላይ የሚገፋበት ከፍታ ያግደዋል። ሳምፕ ከሆነ ፓምፑ ውሃውን 1 ሜትር ከምናምን ሽቅብ መግፋት አለበት። ጥሩ ፓምፕ ካርቶኑ ላይ በየከፍታው ምን ያህል እንደሚገፋ የሚያሳይ ሰንጠረዥ አለው። መታየት ያለበት እሱ ነው።

በልምድ የሚመከረው የገንዳው ውሃ በሰዓት ከ4 እስከ 6 ጊዜ በፊልተሩ ውስጥ እንዲያልፍ ነው። ለ400 ሊትር ይህ ከ1600 እስከ 2400 ሊትር በሰዓት ይሆናል። ይህንን ማንም ሰው በራሱ ማረጋገጥ ይችላል። ፊልተሩ ሁሉ ነገር ገብቶለት እየሠራ፣ የመመለሻውን አፍ ከገንዳው ከፍታ ሳይወርድ ወደ 20 ሊትር ጀሪካን እናዙረውና ሰዓት እንያዝ። (ሳምፕ ከሆነ ፓምፑ ያለበት ክፍል እንዳይደርቅ የተዘጋጀ ውሃ በጎን እንጨምር።) ጀሪካኑ ከ30 እስከ 45 ሴኮንድ ውስጥ ከሞላ በተባለው መጠን ውስጥ ነን። አንድ ደቂቃ ከፈጀ በሰዓት 1200 ሊትር ብቻ ነው ማለት ነው፤ ካርቶኑ የፈለገውን ይበል።

የእኛ ከተማ ሁለት ነገሮች፦ ከፍታና መብራት

በውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎችን ስናነብ ሁለት ነገር መርሳት የለብንም።

አንደኛው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ውሃ በውስጡ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በ25 ዲግሪ ያለ ውሃ በባሕር ዳርቻ በሊትር 8.3 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ በአዲስ አበባ ግን 6 ሚሊግራም ገደማ ነው። ዓሣውም ባክቴሪያውም የሚተነፍሱት ከዚችው ነው። ባክቴሪያዎቹ 1 ሚሊግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ለመለወጥ 4.6 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይፈጃሉ። ስለዚህ እዚህ አገር ደጋ ላይ የፊልተሩ መመለሻ የውሃውን ፊት እንዲያናውጥ ማድረግና የአየር ፓምፕ መጨመር ለጌጥ አይደለም። የዓሣውም ቁጥር በውጭ መመሪያ ከሚባለው ቢያንስ ይመረጣል።

ሁለተኛው የመብራት መጥፋት ነው። መብራት ሲጠፋ በካኒስተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ይቆማል። ዕቃው ዝግ ስለሆነ በውስጡ ያለችውን ኦክስጅን ባክቴሪያዎቹ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጨርሷታል። ከዚያ በኋላ መታፈንና መሞት ይጀምራሉ፣ ጉድፉም ይበሰብሳል። መብራቱ ሲመጣ ፓምፑ በራሱ ይነሣና ያን የበሰበሰ ውሃ ወደ ዓሦቹ ይገፋዋል። ብዙ ሰው «መብራት በጠፋ ማግስት ዓሦቼ አለቁ» የሚለው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መብራት ለብዙ ሰዓት ከጠፋ የካኒስተሩን ሶኬት መንቀል፣ መብራት ሲመጣ መጀመሪያ ከፍቶ በውስጡ ያለውን ውሃ መድፋት፣ ስፖንጁን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ማለቅለቅ፣ ከዚያ ማስነሣት። በዚህ መሃል ምግብ አለመስጠት፤ ጤነኛ ዓሣ አንድ ሁለት ቀን ሳይበላ ቢውል ምንም አይሆንም። የስፖንጅ ፊልተር ጥቅሙም እዚህ ላይ ይታያል። በባትሪ ወይም ለስልክ በምንይዘው ፓወር ባንክ የሚሠሩ ትንንሽ የአየር ፓምፖች አሉ። አንዱን ከስፖንጁ ጋር ማገናኘት ዓሣውንም ባክቴሪያውንም እስኪነጋ ያቆያል።

አተካከሉ ደረጃ በደረጃ

1. መቀመጫው። ውሃው፣ መስታወቱና አሸዋው አንድ ላይ ከግማሽ ቶን በላይ ይመዝናሉ። ስለዚህ ጠረጴዛ አይሆንም፤ ለዚሁ የተሠራ የብረት ወይም ጠንካራ የእንጨት መቀመጫ ያስፈልጋል። ውሃ ከመሞላቱ በፊት በግንበኛ ውሃ ልክ ቀጥ ማለቱ ይረጋገጥ። ዘንበል ያለ ገንዳ በመገጣጠሚያው በኩል ይሰነጠቃል።

2. ቀዳዳው። ሳምፕ የሚተከል ከሆነ መውረጃው ገንዳው ሲሠራ ይበሳ። ቴምፐርድ የተባለ መስታወት አይበሳም፤ ቢሞከር ይፈርሳል። መውረጃው ሁለት ቢሆን መልካም ነው። አንዱ በቅጠል ወይም በሞተ ዓሣ ቢደፈን ሁለተኛው ያድናል።

3. የሳምፑ ስሌት። ይህችን ሒሳብ ሳይሠሩ መትከል አይገባም። የላይኛው ገንዳ 150 በ50 ሲሆን ውሃው በ1 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ 7.5 ሊትር ወደ ታች ይመጣል። ሳምፑ 90 በ40 በ40 ቢሆን 144 ሊትር ይይዛል። በሥራ ላይ ሳለ ውሃው 20 ሴንቲ ሜትር ላይ እንዲቆም ብናደርግ 72 ሊትር ባዶ ቦታ ይቀራል። አሁን መብራት ጠፋ እንበል። የመመለሻው ቱቦ አፍ ከውሃው ፊት 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ያለ ከሆነ 22.5 ሊትርና በቧንቧው ያለችው ጥቂት ውሃ ትወርዳለች፤ ችግር የለም። አፉ 15 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ ከተተከለ ግን ውሃው ወደ ኋላ እየተሳበ 112.5 ሊትር ይወርዳል። ከ40 ሊትር በላይ ሳሎን ወለል ላይ ነው። መፍትሔው አፉን ወደ ላይ ማድረግ፣ እንዲሁም ከውሃው ፊት ትንሽ ዝቅ ብሎ በቱቦው ላይ አየር የሚያስገባ ትንሽ ቀዳዳ መብሳት ነው። ቀዳዳዋ እንዳትደፈን በየጊዜው ትታይ። ሁሉም ሲያልቅ ሶኬቱን ነቅሎ አጠገቡ ቆሞ ማየት ያስፈልጋል።

4. የካኒስተሩ ጎማዎች። የሚስበውና የሚመልሰው ጎማ በገንዳው ሁለት ተቃራኒ ጫፎች ይሁኑ። ጎን ለጎን ከሆኑ ያንኑ ውሃ ይዞራሉ፣ ሌላው ጥግ የቆመ ውሃ ይሆናል። በሚስበው አፍ ላይ ወንፊት ወይም ስፖንጅ ይደረግ።

5. ኤሌክትሪኩ። ዲቫይደሩ ወለል ላይ ወይም ከገንዳው ሥር አይቀመጥ፤ ከፍ ብሎ በጎን ግድግዳ ላይ ይሰቀል። እያንዳንዱ ገመድ ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ይመለስ። ውሃ በገመዱ ላይ ቢወርድ ከዝቅተኛው ቦታ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም። የአየር ፓምፑ ከውሃው ፊት በላይ ይሁን፤ ካልሆነ ውሃ እንዳይመለስበት የሚያግድ ትንሽ ቫልቭ በጎማው ላይ ይግባ። እጅ ውሃው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሁሉም ሶኬት ይነቀል።

መጠበቅ

ፊልተሩ ተተክሎ ውሃው መዞር ጀመረ። ውሃው ጥርት ብሏል። እንግዲህ ዓሣ ይግባ? ገና ነው! በዚህ ሰዓት ፊልተሩ ባዶ ቤት ነው። ነዋሪዎቹ እስኪበዙ በ25 ዲግሪ አካባቢ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ውሃው ቀዝቀዝ ካለ ከዚህም ይረዝማል።

ባክቴሪያዎቹ እንዲመጡ ምግባቸው መኖር አለበት። ለዚህ ዓሣ መሥዋዕት ማድረግ አያስፈልግም። በየቀኑ ቆንጠር ያለ የዓሣ ምግብ ውሃው ውስጥ መበተን ይበቃል፤ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። ጤነኛና የቆየ አኳሪየም ያለው ሰው ከተገኘ ደግሞ ከፊልተሩ ጥቂት ያገለገለ ስፖንጅ ወይም ድንጋይ ለምኖ፣ እርጥብ እንደሆነ አምጥቶ መጨመር ጊዜውን በእጅጉ ያሳጥራል። እርሾ ተበድሮ ሊጥ እንደማቡካት ማለት ነው።

መድረሱ የሚታወቀው በዓይን ሳይሆን በመመርመሪያ ነው። አሞኒያ፣ ናይትራይትና ናይትሬት የሚለኩ ጠብታዎች ይሸጣሉ። መጀመሪያ አሞኒያው ይወጣና ይወርዳል። ቀጥሎ ናይትራይቱ ይወጣና ይወርዳል። በመጨረሻ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሆነው፣ ምግቡ በየቀኑ እየተጨመረም እዚያው ዜሮ ላይ ሲቆዩ፣ ናይትሬት ብቻ ሲታይ ቤቱ ነዋሪ አግኝቷል። ያኔም ዓሦቹ በአንድ ቀን ሁሉም አይገቡም። ጥቂት ይገባሉ፣ ሁለት ሳምንት ይጠበቃል፣ ይለካል፣ ከዚያ ሌሎች ይጨመራሉ። ባክቴሪያው የሚበዛው ባገኘው ምግብ ልክ ነውና።

አጠባበቅ

ከዚህ በኋላ ያለው ትልቁ አደጋ ጽዳት ወዳድነት ነው። ፊልተሩን በቧንቧ ውሃ ሙልጭ አድርጎ ማጠብ ማለት የተገነባውን ማፍረስ ነው፤ የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ለእኛ ጀርም ለመግደል የገባ ስለሆነ እነዚህንም ይገድላቸዋል። ስፖንጁ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ በባልዲ ውስጥ ይጨመቃል። የባክቴሪያው ድንጋይ በጣም ካልተደፈነ አይነካም። ሁሉም በአንድ ቀን አይታጠብም።

በየሳምንቱ ከውሃው ሩብ ያህሉ ይቀየር። ይህ ናይትሬቱን ያስወግዳል፤ ባክቴሪያዎቹ እየበሉ የሚጨርሱትንና ፒኤቹ ወርዶ እንዳይወድቅ የሚጠብቀውን የውሃ ማዕድንም ይተካል። አዲሱ ውሃ በሰፊ ክፍት ዕቃ ውስጥ አየር እየተነፋበት አንድ ቀን ሙሉ ቢቆይ ተራው ክሎሪን ይወጣል። አለበለዚያ የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ይጨመርበታል። ውሃው ተስተካከለ ከሚባለው የሙቀት መጠን ጋር ተቀራራቢ መሆኑም ይታይ።

ዓሦቹ ከላይ እየመጡ አየር የሚጎርሱ ከሆነ መጀመሪያ መብራቱን፣ ፓምፑንና አየሩን ማየት፣ ቀጥሎ አሞኒያና ናይትራይት መለካት ያስፈልጋል። ከፍ ብሎ ከተገኘ ወዲያውኑ ከውሃው ከሲሶ እስከ ግማሽ መቀየርና ምግብ ማቆም ነው። በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ማፍሰስ ግን አንዳንዱ መድኃኒት ባክቴሪያውንም ስለሚፈጅ ጉዳዩን ያብሰዋል።

ለማጠቃለል ያህል

ብዙ ሰው ለአኳሪየም ሲዘጋጅ ገንዘቡን ለመስታወቱ፣ ለመብራቱና ለዓሣው ያወጣና ለፊልተር የሚተርፈውን ያደርገዋል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። በጀቱ ሲወጣ በመጀመሪያ ፊልተርና የአየር ፓምፕ፣ ቀጥሎ መመርመሪያ፣ በመጨረሻ ዓሣ ይጻፍ። ሻጩንም ሦስት ጥያቄ እንጠይቀው፦ ይህ ፓምፕ በ1 ሜትር ከፍታ ስንት ሊትር ይገፋል? ውስጡ ስንት ሊትር የባክቴሪያ ቤት ይይዛል? መለዋወጫው፣ በተለይ የክዳኑ ጎማና የፓምፑ መዘውር፣ እዚህ አገር ይገኛል? መልስ ከሌለው ሌላ ሱቅ እንሂድ።

አንድ ጎልድፊሽ በደንብ ከተያዘ ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል። ሦስት ሳምንት ብቻ ከኖረ ግን «ዓይን በላው» ከማለታችን በፊት ውሃውን እንለካ። ቸር እንሰንብት።